በፊትና አሁን

ሰብሊ የሰው ግቢ “ጫካ” ብላ ለጠፈች፤ ነገሩ የተበላሸው በዚህ ነው። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ፣ ከአንዱ ሥር “በፊት፦ ጫካ”፣ ከሌላው ሥር “አሁን፦ ገነት” ብላ ጽፋ የላንቻ ሰፈር እድር ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። ማስታወቂያው ደንበኛ እንዲያመጣ ነበር። በማግስቱ፣ ግቢያችንን አሳምሩልን ብለው ከተመዘገቡት ዘጠኝ ቤቶች አምስቱ ሰረዙ።

አሁን የፎቶው ግቢ ውስጥ ቆማለች። የግቢው ባለቤት እትዬ አጸደ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ቀና አላሉም።

“አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ እትዬ።”

“ሰው ካየው በኋላ?”

“በቃ፣ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ። ሥራው ጥሩ ነው ይበሉ። እርስዎ ካሉ ሌሎቹ አይሸሹም።”

“ሥራውማ ጥሩ ነው። ጫካ ያልሽው ግን እኔን ነው።”

ሰብሊ ሰዓቷን አየች። አራት ሠራተኞች አሏት፤ እዚህ ሰፈር ሥራ ካላገኘች በወሩ መጨረሻ ታሰናብታቸዋለች። ይህንኑ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት የግቢው በር ተንኳኳና ጎረቤታቸው ጀማነሽ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች። ካልሰረዙት አራቱ አንዷ ናት።

“እትዬ፣ ልጁን ምች መትቶት ከንፈሩ ሁሉ ቆስሏል። ትንሽ ዳማከሴ…” አልጨረሰችውም። ዳማከሴው ይበቅልበት የነበረው የግንቡ ሥር ወጥ አረንጓዴ ሣር ሆኗል።

“ግቢ፣ ግቢ” አሉ እትዬ አጸደ። “ገነት ነው፤ ጫማሽን አውልቂ።”

ጀማነሽ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ወደ ሰብሊ ዞረች። “ማለቴ… ዳማከሴውንም ነቀላችሁት? ሰፈሩ ሁሉ እኮ ምች ሲመታው እዚህ ነው የሚመጣው።”

“ግቢው ይጽዳ ነው የተባልነው።”

“ዳማከሴ እንዳትነቅሉ ተብሎ ይነገራል እንዴ?” አሉ እትዬ አጸደ።

ሠራተኛው ነጋሳ ጠይቋት ነበር። አካፋውን ተደግፎ “ይሄስ?” ሲላት፣ ስልኳ ላይ ፎቶ እየመረጠች “ሁሉም ይነሳ” ብላዋለች።

“የእኛ ግቢ ይቆይ” አለች ጀማነሽ። “እዚያም ጤና አዳም አለ።”

ሰብሊ ወደ ግንቡ ሄዳ ተንበረከከችና የሣሩን ጫፍ በጣቶቿ ፈልጋ ሳበችው። ከተነጠፈ አራት ቀኑ ነው፤ ሥር አልያዘም። እየተጠቀለለ መጣ። እትዬ አጸደ ምስሩን ትተው አዩዋት። የሁለት ክንድ ያህል ጥቁር መሬት ታየ።

“ችግኝ ያለው ማን ነው?”

“ቄራ፣ እህቴ ቤት አለ” አለች ጀማነሽ። “የወሰደችው ከዚሁ ነው።”

“ስልኳን ላኪልኝ።”

ጥቅሉን ተሸከመችው። አፈሩ ነጭ ሸሚዟ ላይ እየረገፈ ወጣች፤ ሁለቱም እጆቿ ስለተያዙ የቆርቆሮውን በር በተረከዟ ዘጋችው።