ብጣሽ ወረቀቶች

የአዳራሹን በር በጀርባዬ ገፍቼ፣ መጽሐፍ የጫንኩበትን ጋሪ እየጎተትኩ ገባሁ። አንዱ ጎማ ስለሚጮኽ ስልሳ ሰው በአንዴ ዞሮ አየኝ።

መድረኩ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቆሟል። ከኋላው ግድግዳው ላይ «መልካም ዜና ለኬሚስትሪ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች» የሚል ጽሑፍ በትልቁ በርቷል። የድሮዎቹ የጆርናል ጥራዞች በሙሉ ስካን ተደርገው ኮምፒውተር ውስጥ ስለገቡ ከእንግዲህ ማንም አቧራ መቃም የለበትም እያለ ነበር። ጥራዞቹ ግን በዚያው ሰዓት ታች ግቢው ውስጥ መኪና ላይ ይጫናሉ። የሚሄዱት ወደ ወረቀት መፍጫ ነው።

«እትዬ፣ ጥያቄ ካለዎት መጨረሻ ላይ እንቀበላለን» አለኝ በትሕትና።

«ጥያቄስ የለኝም፤ መልስ ነው ይዤ የመጣሁት።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እትዬ ሙጫ ነው የሚሉኝ፤ አልቀየማቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤተ መጻሕፍት ሥራዬ ይኸው ነው። በጆርናል የወጣ አሠራር ስሕተት ሲገኝበት፣ ማረሚያው ከወራት በኋላ በሌላ እትም ጥግ ላይ ይወጣል። ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ግን በብጣሽ ወረቀት እገለብጠውና ስሕተቱ ያለበት ገጽ ላይ ጠርዙን በሙጫ እለጥፈዋለሁ። ስካን አድራጊዎቹ ታዲያ ጽሑፉን ሸፈነብን ብለው ብጣሾቹን ወደ ጎን እያጠፉ ገጹን ብቻ አነሱት። ለኃላፊው ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመልቀቂያ ወረቀት ልታስፈርመኝ መጥታ ነበር። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከሁለት ሳምንት በፊት ላብራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ፈንድቶባት ነው። አጣሪ ኮሚቴው «በተማሪዋ የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ጻፈና ከላብራቶሪ አገዳት። «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም፣ እትዬ» አለችኝ፣ በግራ እጇ ስሟን ለመጻፍ እየታገለች። የትኛውን ጽሑፍ ተከትላ እንደሠራች ጠየቅኳት። ስትነግረኝ ፊርማውን ትቼ ጥራዞቹን ከመኪናው ላይ ላወርድ ሮጥኩ።

አሁን በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እሺ ብላ እንድትመጣ ስንት ለምኛታለሁ።

«ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ገጽ ከኮምፒውተሩ አውጥተው ግድግዳው ላይ ያሳዩን» አልኩና የጥራዙን ቁጥርና ገጹን ነገርኩት።

«እትዬ፣ ፕሮግራም ላይ ነን እኮ…»

«ገጹ ይውጣ!» አለ ከመሃል አንድ ሰው። ኃላፊው አወጣው።

«ሙቀቱ ስንት ይላል?»

«መቶ ስልሳ ዲግሪ።»

ጥራዙን ከፍቼ ብጣሿን አነበብኩ፦ «ማረሚያ። መቶ ስልሳ የሚለው ስልሳ ተብሎ ይነበብ። ከዚያ ካለፈ ይፈነዳል።» የለጠፍኩበትን ቀንም አነበብኩላቸው። አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል።

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «በጣም ያሳዝናል» አለ። «ግን እኮ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ምክንያት ይህን ሁሉ ሥራ…»

አላስጨረስኩትም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! የእናንተን ጥፋት እጇ ለተቃጠለባት ልጅ አሸከማችኋት። እሷ ያደረገችው ያላችኋትን ነው። ከኮምፒውተር አንብቢ አላችኋት፤ አነበበች። አሁን ደግሞ ማስረጃውን ልትፈጩት!»

ልጅቷ መቼ አጠገቤ እንደደረሰች አላየሁም። በግራ እጇ ጣት ብጣሿን ፊደል በፊደል ተከተለቻት። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«አራት ጊዜ ነው ያነበብኩት» አለች ቀስ ብላ። «እማዬ ምን ሆንሽ ስትለኝ፣ እኔው ነኝ ያጠፋሁት አልኳት።»

እኔ ከጋሪው ላይ የሚቀጥለውን ጥራዝ አነሳሁ። ለእልህ ነው ያነሳሁት። ብጣሽ ያለበትን ገጽ ገልጬ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «ማስጠንቀቂያ። ፈሳሹ እስኪደርቅ አይሙቅ፤ ዝቃጩ ሲደርቅ ይፈነዳል።» ኃላፊው ሳልነግረው ያንኑ ገጽ ግድግዳው ላይ አወጣው። እዚያ ላይ «እስኪደርቅ ይሙቅ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም።

«ይህን አሠራር የሚጠቀም አለ?» አልኩ።

መጨረሻው ረድፍ ላይ አንድ እጅ ቀስ እያለ ወጣ። ጢሙን ያሳደገ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አሁን እየሞቀ ነው» አለ። «ጓደኛዬ አጠገቡ ቆማ እየጠበቀችልኝ ነው።»

ወንበሮች ተንኳኩ። ኃላፊው ከመድረኩ ዘሎ ወረደ፤ ማይክራፎኑ እጁ ላይ ነበር። እኔም ጥራዙን እንደታቀፍኩ ተከተልኩ። ግን ሁላችንንም ቀድማን፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ወደ ላይ ይዛ ደረጃውን የምትወርደው፣ ላብራቶሪ እንዳትገባ የታገደችው ልጅ ነበረች። «ማሞቂያውን አጥፊው! አጥፊውና ራቂ!» የሚለው ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው።

ስንደርስ ልጅቷና ማሞቂያውን ስትጠብቅ የነበረችው ተማሪ ከወዲህኛው ግድግዳ ጋር ተለጥፈው ቆመዋል። ማሞቂያው ጠፍቷል። ከመከላከያው መስታወት ጀርባ፣ ብልቃጡ ውስጥ ታች፣ ሁለት ማንኪያ የማይሞላ ፈሳሽ ገና እየተንቀጠቀጠ ነበር።