የመዝለያው ቁልፍ

ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ፍላሽ ላይ ጌም የሚጭነው ሮቢ፣ «ቲቸር፣ ይቺ የዝላይ ጌም ርካሽም ናት፣ ጥሩም ናት። ግን የወሰዳት ሁሉ ሳይጨርስ ይመልሳታል» አላት።

«እኔ የጀመርኩትን አልመልስም» አለች መምህርት ሐዳሳ።

ቅዳሜ ከሰዓት ታቦር ሰፈር ባለው ቤቷ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ጌሙ ላይ አንድ ትንሽ ሰው ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላል። እሷ የመዝለያውን ቁልፍ በተጫነች ቁጥር የራሷ ቤት ቆርቆሮ ጓ ይላል። ሐዋሳ ውስጥ ጣሪያ ላይ የሚዘል ጦጣ ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ሐዳሳም አላየችም። ሁለቴ ስትጫን ግን ሁለቴ ጮኸ፤ ስታቆም ዝም አለ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ጣሪያ፣ ነፋስ እንዳይወስደው አሮጌ የባጃጅ ጎማ ተጭኖበታል። ልክ እንደ እሷ ቤት።

«በገዛ ቤቴማ አልፈራም!» ብላ ትንሹን ሰው ወደ ግቢው አስዘለለችው። ደጅ አንድ ነገር ዱብ አለ። ስክሪኑ ላይ ሰውየው ሰማያዊ በሯ ፊት ቆሟል።

ሐዳሳ ተነሥታ በሩን በረገደችው። «ወንድ ከሆንክ ና ግባ!»

ደጁ ጭር ብሏል።

ከኋላዋ ወንበሯ ሲጢጥ አለ። ቀጥሎ የመዝለያው ቁልፍ ጠቅ ሲል ሰማች፤ እግሮቿም ከመሬት ተነሡ።