የምንታምርን ፍርሃት ስይዝ

የስፖርት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሯጭን ፍርሃት በአምባር ወደ ሌላ ሰው ማዛወር ከቻሉ ወዲህ፣ ልጄ ምንታምር ስትወዳደር አምባሩን የማስረው እኔ ነኝ። ድሮም ስትደናቀፍ «እኔን» እላት ነበር።

ዛሬ ሩጫው ሲጀመር ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። የገዛ ድስቴን ፈራሁትና ግድግዳ ይዤ ቁጭ አልኩ። ጎረቤቴ እትዬ ደብሪቱ ማማሰያውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«አውልቂው፣ ልብሽ ሊቆም ነው።»

«ካወለቅሁት እየሮጠች ይመለስባታል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ቁጭ ብያለሁ።»

ውድድሩ እንዳለቀ ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ አለፍኩ። ቀላል ነበር እኮ። የእሑዱን ፍጻሜ ፍርሃት አባዬ ይያዝልኝ?»

«አባትሽ አይችለውም። እኔው እይዘዋለሁ» አልኳት።

እጄ ገና ስላልረጋ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ የያዙልኝ እትዬ ደብሪቱ ነበሩ።