ርክክብ

ነርሷ እናቷን ስታስታምም ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ማለዳ ላይ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ፣ "ጌታዬ፣ ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ የአንድ ሰዓቱን መድኃኒት ውጣለች፤ ከውኃ በቀር እህል አልቀመሰችም" እያለች፣ ሆስፒታል በሽተኞቿን ለተረኛ እንደምታስረክበው ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው። "አደራህን፤ አሜን" ብላ ተነሳችና ቴርሞሜትሩን መልሳ አነሳች።

እናቷ አንድ ዓይኗን ገለጠች። "ሆስፒታል ለተረኛው ካስረከብሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ቤቴ እገባለኋ።"

"ታዲያ ጌታን ምነው አላመንሽው?"

ነርሷ ቴርሞሜትሩን አስቀመጠች፤ የእጅ ሰዓቷን ፈታች፤ ጫማዋን አወለቀችና ከእናቷ ግርጌ ኩርምት ብላ ተኛች። እናትየው የልጇ ትንፋሽ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያ የራሷን ብርድ ልብስ በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አለበሰቻት።