ዝኩኒ በረቡዕ

እጮኛዋ እናቱን ሊያስተዋውቃት ረቡዕ ለምሳ ይዟቸው መጣ። እሷም የግሪኮችን የዝኩኒ ጥብስ ልታበላቸው ዝኩኒውን ፈግፍጋ፣ ውሃውን ጨምቃ፣ በእንቁላልና በአይብ ለውሳ በዘይት ጠብሳለች። ቀኑ ጾም መሆኑ ትዝ ያላት ግን እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ሌላ የሚቀርብ ምግብ ደግሞ የላትም። እናቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ማለት እኮ ዓርብ ቀን ሻይ በወተት የጠጣችን ልጅ «ለልጄ አትሆንም!» ብለው ያባረሩ ሴት ናቸው!

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ወይዘሮዋ ሳህኑን እያዩ።

«የግሪክ ምግብ ነው፣ እማማ። እነሱም እንደኛ ኦርቶዶክስ ናቸው።»

አንዱን ቀመሱ። ደገሙ፤ ሠለሱ። ልጅቷ ፊት ፊታቸውን ታያለች። ልጃቸው እጁን ወደ ሳህኑ ሲሰድ መታ አደረጉት።

«ተው አንተ! ምራቴ እንቁላል ጨምራበታለች፤ ዛሬ ጾም ነው» አሉና አራተኛውን አነሱ።