የበጋ ናፍታ

ዞኒያ ቱቦውን የፒካፑ የነዳጅ ሰልባትዮ ውስጥ ሰድዳ፣ የእጅ ፓምፑን ሁለት ሦስቴ አዙራ፣ ባዶውን የማርማላታ ብልቃጥ እስከ አንገቱ ሞላችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ናፍታው ጥርት ያለ ፈዛዛ ቢጫ ነበር።

«ይኸው! ምኑ ነው በብርድ የሚቀየረው?» አለች።

«ምድጃ አጠገብ ቆመሽማ ሁልጊዜም በጋ ነው» አለ ኦረስት፣ ራሱን ከኮፈኑ ስር ሳያወጣ። «ውጪ አስቀምጪውና እናያለን።»

ኦረስት የሟቹ ባሏ የኔስቶር ታናሽ ወንድም ነው። ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ፊልትሮ ሲቀይር፣ ሁለቱን ባትሪዎች ሲፈትሽ፣ ሲያጉረመርም ቆይቷል። እሷ የምትለውን ሁሉ እሺ ብሎ ናፍታው ላይ ሲደርስ ግን፣ በበጋ የተቀዳ በዚህ ብርድ ይረጋል ብሎ ድርቅ አለባት።

ብልቃጡን ይዛ ወጣች። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ያለው ጠጉር ሳይቀር ይደርቃል። ብልቃጡን የአጥሩ ቋሚ ላይ አስቀምጣ በሩጫ ተመለሰች።

ልጇ ላሪሳ ሰሜን፣ ኋይትሆርስ ከተማ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። ከዚህ ከሳስካችዋን እዚያ ድረስ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ኔስቶር ለልጅ ልጁ ከበርች እንጨት የሠራው አልጋ በሸራ ተጠቅልሎ ፒካፑ ኋላ ተጭኗል። እሱ ግን በመስከረም፣ በስንዴ አጨዳው መሃል ልቡ ቀጥ አለበት። የዚያን ዕለት ዋዜማ ከከተማ ሲመለስ እንደ ልማዱ ሰልባትዮውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ነበር ያቆመው። «ፈረስ በባዶ ሆዱ አይታሰርም» ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፒካፑን የነካው የለም። ዞኒያም ነገሩን በልቧ ጨርሳዋለች፦ ወደ ልጃቸው የምትሄደው ኔስቶር በሞላው ናፍታ ነው። እሱ እንዳደረሳት ይቆጠርላታል።

«እንዳይረጋ መድኃኒት ጨምርበትና ተወው» አለች። «እሱ የሞላውን አላስቀዳም።»

«በዚህ ብርድ የበጋ ናፍታን እንኳን መድኃኒት ጸሎትም አያድነው።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጸሎት የጀመርከው?»

«አንቺ ብቻሽን ኋይትሆርስ ድረስ በአላስካ አውራ ጎዳና እነዳለሁ ካልሽ ወዲህ!»

ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች።

ውጪ ነፋስ የለም። አየሩ ላይ ደቃቅ በረዶ ሳይወርድም ሳይወጣም ተንሳፎ ያብረቀርቃል፤ ከፀሐይዋ ግራና ቀኝ ደግሞ በረዶው የፈጠራቸው ሁለት ትንንሽ ፀሐዮች ቆመዋል። ሜዳው ሁሉ ነጭ ነው፤ ቢጫ ነገር ቢኖር ያ ብልቃጥ ብቻ ነው። እያየችው እያየችው ሜዳው ቢጫ የሆነ መሰላት፤ የጎመን ዘሩ አብቦ፣ ኔስቶር ክርኑን በፒካፑ መስኮት አውጥቶ፣ አቧራው ከኋላው ቀስ ብሎ ሲተኛ። ፉጨቱንም ሰማችው። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም።

መጀመሪያ ብልቃጡ ውስጥ ቀጭን የጭስ ክር የመሰለ ነገር ታየ። ከዚያ ክሩ በዛ፣ ተበተነ፣ ከስር ጀምሮ እየነጣ ወደ ላይ ወጣ። ኦረስት እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

ወጥታ አመጣችው። ክዳኑን ከፍታ ዘቀዘቀችው፤ እንደ ረጋ ሞራ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ሰባ ኪሎ ሜትር ሳትሄጂ ሞተሩ ጸጥ ይልብሻል» አለ ኦረስት በዝግታ። «ሰው በማያልፍበት ሜዳ መሃል። ላሪሳ ደግሞ መንገድ መንገዱን ታያለች።»

ዞኒያ ተናደደች፤ የተናደደችው ግን በኦረስት አልነበረም። ሞልቶላት ሲሄድ ክረምት እንደሚመጣ ያላሰበው ኔስቶር ነው ያናደዳት። አራት ወር ሙሉ ያልወጣላት ንዴት ነበር።

«ጀሪካኖቹን አምጣ» አለች። «ፓምፑን ግን የማዞረው እኔ ነኝ።»

እሷ አዞረች፣ እሱ ተሸከመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ክንዷ ዛለ፣ አልተወችም። ስድስተኛው ሞልቶ ቱቦው አየር ብቻ መሳብ ሲጀምር፣ ኦረስት የመጨረሻውን ክዳን አጥብቆ እዚያው እንዳጎነበሰ ቀረ።

«አልደፋውም» አለ። «በግንቦት ትራክተሩ ላይ እጨምረዋለሁ። ኔስቶር የራሱን ማሳ ይዘራበታል።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

የኔስቶር ወንድም መሆኑን ረስታው ነበር። አራት ወር ሙሉ ለቅሶውን የራሷ ብቻ አድርጋ ይዛው ኖራለች። ጠጋ ብላ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት።

እሱ በሌላ ጀሪካን ያመጣውን፣ ብርድ የማያረጋውን የክረምት ናፍታ ሰልባትዮው ውስጥ ሞሉ። ጋቢና ገብታ ቁልፉን ግማሽ አዞረች፤ ኔስቶር እንዳስተማራት የሞተሩ ማሞቂያ ምልክት መብራት እስኪጠፋ ታግሳ አስነሳችው። ሞተሩ ተንገራገጨ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ጸና።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» ብሎ ጮኸ ኦረስት በመስኮቱ። «ቀስ ብለሽ ንጂ! ስትደርሺ ደውዪ!»

«እሺ አባቴ!» አለችው እየሳቀች፤ እንባዋን ግን አልደበቀችውም።

ብልቃጡን ክዳኑን አጥብቃ፣ በኔስቶር የሱፍ ኮፍያ ሸፍና፣ ጎኗ ያለው ወንበር ላይ በቀበቶ አስራዋለች። ገና እንደነጣ ነው። የአጥሩ በር ላይ ስትደርስ ከጋቢናው ማሞቂያ የመጀመሪያው ሞቅ ያለ ነፋስ እጇ ላይ ነፈሰ። ጣቶቿ አሁንም እንደደነዘዙ ነበሩ፤ ቢሆንም ነፋሱን ከራሷ ላይ መልሳ ብልቃጡ ወዳለበት ወንበር አዞረችው።