የጋሽ በኃይሉ ካቻቢቴ

አስካለ ከመለዋወጫ ሱቋ ሁለት የሞተር መመርመሪያ ይዛ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ ጋሽ በኃይሉ ጋራዥ ውስጥ የቱን እንደምትሰጣቸው ግራ ገብቷት ቆመች። አንዱ ኮምፒውተር ነው፤ ሊሠሯት የገባችው አሮጌ ፔጆ ላይ ግን የሚሰኩበት ቦታ የለም። ሌላው፣ ሞተር ሲታመም መርፌው የሚዘልል ጌጅ ነው። ግን ጋሽ በኃይሉን የናይሮቢ መካኒክ ሁሉ የሚያውቃቸው ካቻቢቴ ጆሯቸው ላይ ደግፈው ሞተር በማዳመጥ ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎን መሣሪያ ምን ያደርግልዎታል?" አለቻቸው።

ጋሽ በኃይሉ የፔጆዋን ሞተር አስነሡና የካቻቢቴውን ጫፍ እሱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ።

"ደህና ናት" አሉ ቀና ብለው፤ ፊቷን ትክ ብለው እያዩ። "አይደል?"

የሞተሩ ኳኳታ እስከ ውጭው በር ይሰማ ነበር። አስካለ ኮምፒውተሩን ካርቶኑ ውስጥ መለሰችና ጌጁን እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።

"ይሄ በዓይን ነው የሚነበበው፣ ጋሼ" አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።